እንዳይበርዳቸው

ሽማግሌው የሞቱት እንቁላሎቻቸው መሰንጠቅ በጀመሩበት ቀን ነው። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከጓዳው ማስፈልፈያ ሣጥን አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሸለብ ያደረጋቸው ይመስላሉ። ፖሊስ ጣቢያው ነገሩን ገና ሳይጀምረው ጨርሶታል። ሣጥኑን የሠራላቸው ጎረቤታቸው ኤሌክትሪሻን ነው፤ አንዱ ሽቦ ደግሞ ተልጦ ተገኝቷል። በቃ፣ «ኮረንቲ ነው» ተባለና ሰውዬው እጁ ላይ ካቴና ገባ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ የዚያን ቀን ጅቦቹ ሦስት ነበሩ፣ ሦስቱም ዩኒፎርም ለብሰዋል።

ነገሩን እንድታጣራ የተጠራችውን መርማሪ የሥራ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወንፊት» ይሏታል፤ እሷ ዘንድ የደረሰ ወሬ ገለባውን ሳይጥል አያልፍማ። ወንፊት ጓዳው ደፍ ላይ ቆማ ዙሪያውን ቃኘች። የሟቹ ጉንጭ ፀሐይ እንደመታው ሰው ቀልቷል። እጃቸው ላይ የተቃጠለ ቦታ የለም። የሣጥኑ ሶኬት እንደተሰካ ነው። ሽማግሌው ንፋስ እንዳይገባ ብለው መስኮቱ ላይ የወጠሩት ላስቲክ ተቦጭቋል፣ መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለእርጥበት በተቀመጠው የውሃ ሳህን ላይ ነጭ አመድ ተንሳፍፏል።

«መስኮቱን ማን ከፈተው?» አለች።

«ስንመጣ እንዲሁ ነበር» አለ ከፖሊሶቹ አንዱ።

ኤሌክትሪሻኑ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «እትዬ፣ የልጆች አባት ነኝ» አለ። «እኔ እሳቸውን? ሣጥኑን የሠራሁላቸው ለምርቃት ነው እኮ!»

«መብራት ነበረ?»

«ጠዋት ጠፍቶ ከሰዓት ነው የመጣው። እንዲያውም እንቁላሎቹ አለቀላቸው ብዬ አዝኜ ነበር።»

ወንፊት ተመልሳ ጆሮዋን ሣጥኑ ላይ ለጠፈች። ውስጡ ጢው ጢው ይላል። ብርድ የገደለው እንቁላል እንዲህ አይንጫጫም፤ መብራት በሌለበት ያሞቃቸው ነገር አለ።

የሟቹ ምራት ፀጉር ሠሪ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። እናት አባቷን በልጅነቷ ስላጣች «አባባ» የምትለው አንድ ሰው ቢኖር አማቷ ብቻ ነበሩ።

«መብራት ሲጠፋ ለባሌ ደወልኩለት» አለች። «'እንዳይበርዳቸው፣ ከሰል አቀጣጥለሽ አስገቢላቸው' አለኝ። አስገባሁላቸው፣ በሩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁላቸውና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።»

«አባባ ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«ሳሎን። ሬዲዮ እየሰሙ።»

«ምድጃውስ አሁን?»

«ጓሮ አየሁት። መብራት ሲመጣ አባባ አውጥተውት ይሆናላ።»

ፖሊሱ ከሰሉ ለሽማግሌው ሳሎን የገባ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። ወንፊት ግን ሳሎኑን ዞር ብላ አየችው። ሳሎኑ በር የለውም፤ መጋረጃ ብቻ ነው ያለው።

ባሏ፣ የሟቹ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከሥራ ቀድሞ የተመለሰውም፣ አባቱን ያገኘውም እሱ ነው። ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«አስገቢላቸው ያልካት ለማን ነው?»

«ለአባቴ ነዋ! ሳሎኑ ይቀዘቅዛል፤ ደግሞ ክፍት ነው፣ ከሰል ሁሌም እዚያ ነው የምናስገባላቸው።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። ጠጋ አለና በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ በፈጠረሽ፣ ኮረንቲ ነው ይባል። ለራሴ ብዬ አይደለም» አላት።

«ጎረቤትህስ?»

ሹፌሩ ፊቱን አዞረ። ወንፊት ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን ኤሌክትሪሻን በመስኮት አየችው። ዝም ብትል ያልገደለ ሰው ይታሰራል፤ ብትናገር ደግሞ ምንም የማታውቅ ሴት በቁሟ ትሞታለች። በሥራ ዘመኗ እውነትን ፈልጋ ስታገኝ እንዲህ ያስጠላት ቀን አልነበረም።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ኮረንቲ አይደለም» ብላ ጀመረች። «የእጃቸው ቆዳ ደህና ነው፤ ጉንጫቸው ግን ቀልቷል። እንዲህ የሚያደርገው በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ የከሰል ጭስ ነው፤ ሬሳውን የሚመረምረው ሐኪምም ይህንኑ ይላል። ውሃው ላይ አመድ አለ። እንቁላሎቹም ያለ መብራት ሞቀው ውለዋል። ከሰሉ የነበረው እዚያ ጓዳ ነው።»

«ታዲያ ማን አወጣው?» አለ ፖሊሱ።

«መስኮቱን የከፈተው ሰው። ኮረንቲ ይዟቸዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ቀድሞ የሚነቅለው ሶኬቱን ነው። ያገኛቸው ሰው ሶኬቱን አልነካም፤ ላስቲኩን ቦጭቆ መስኮቱን ከፈተ። የገደላቸውን ነገር ገና ሲገባ አይቶታል። እጅህን አውጣ።»

ሹፌሩ እጁን አወጣ። መዳፉ በምድጃው እጀታ ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል።

«አንተ ነህ?» አለች ሚስቱ፣ በርግጋ እየተነሳች። «ለምን ደበቅከው? ከሰሉን እኮ እኔ ነኝ…»

ወንፊት ከዚያ በላይ ባትናገር በወደደች። ግን ካቴናው አሁንም ኤሌክትሪሻኑ እጅ ላይ ነው።

«እሱ 'እንዳይበርዳቸው' ያለሽ ለአባቱ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ስለ እንቁላሎቹ መሰለሽ። ቃሉ አንድ ነው፤ ለአንድ ትልቅ ሰውም ለብዙ እንቁላልም ያው ነው። አንቺ ሰው የሌለበት ጓዳ አስገብተሽ ዘጋሽ። ከሄድሽ በኋላ አባባ እንቁላሎቹን ሊያዩ ገቡ፤ ሙቀቱ እንዳይወጣባቸው በሩን መልሰው ዘጉት፣ ተቀመጡ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሹፌሩ መሬት መሬት ያያል። ሚስቱ አላለቀሰችም፤ ይህም ከለቅሶ የባሰ ነበር።

ኤሌክትሪሻኑ ተፈታ፤ ቢፈታም መሄድ አቅቶት መጋረጃው ሥር ቆመ። ካቴናው ማስረጃ በደበቀውና ንጹሕ ሰው ባሳሰረው ሹፌር እጅ ላይ ገባ። ሴትየዋ ይህን ስታይ ሁለት እጆቿን ወደ ወንፊት ዘረጋች።

«እኔንም እሰሩኝ።»

«በምን ልሰርሽ፣ ልጄ? ጥፋት የለብሽም።»

«ምናለ ጥፋት በኖረብኝ» አለች ሴትየዋ። «ታስሬ ይወጣልኝ ነበር።»

ወንፊት የተዘረጉትን እጆች ያዘቻቸው።