ያልወጣው ቱቦ

ጡረተኛው መምህር በሆስፒታሉ አልጋቸው ላይ ሲያርፉ፣ የወንድማቸው ልጅ «አጎቴን ገደላችሁት!» እያለ ክፍሉን ቀወጠው። መርማሪዋ ሐኪም የተጠራችው ያን ጊዜ ነው። ቤቷ የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ ሲጠሯት ዓይኗን አታሽም።

«ሽንት እንዲወርድላቸው ቱቦ አስገብተንላቸው ነበር፤ የሽንት ኢንፌክሽን ያዛቸውና ደማቸው ውስጥ ገባ» አላት የክፍሉ ሐኪም። «የሰጠኋቸው አንቲባዮቲክ ሁሉ አልሠራም። ባክቴሪያው መድኃኒት የተላመደ ነው።»

ማዶ የተኙት አዛውንት ሾፌርም ያንኑ ባክቴሪያ ከሌላ ሆስፒታል ይዘው መጥተዋል።

«ከመምህሩ ጋር ትቀራረቡ ነበር አባባ?» አለቻቸው መርማሪዋ።

«በምን እግሬ ልጄ? ከዚሁ ሆኜ ነበር የማወራቸው። እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ዘመድ ይመጣል ብለው። ማን ይምጣ!»

መርማሪዋ ነርሷን ሥራዋ ላይ ቆማ አየቻት። እጇን በሳሙና ፈትጋ ታጠበች፤ አዲስ ጓንት አጠለቀች። ከሾፌሩ ቱቦ ጫፍ የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት በጆግ ቀድታ ደፋች፤ ጆጉን ውሃ ለቅለቅ አድርጋ ሰቀለችው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሌላ ጆግ የለም።

ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«መድኃኒቱ አልገደላቸውም» አለች። «የነርሷም እጅ ንጹሕ ነው። ሁለቱን አልጋዎች የሚያገናኘው ያ ጆግ ብቻ ነው። አፉ የአንዱን ከረጢት መውረጃ ነክቶ የሌላውን ይነካል። ባክቴሪያው በዚያ ተሻግሮ በቱቦው ሽቅብ ወጣ። ግን መስኮት ድረስ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሽንት ቤትም ይሄዳል። ታዲያ ቱቦው ምን ያደርግላቸዋል?»

ሐኪሙ ወደ ነርሷ ዞረ። «አውጪላቸው ብዬሽ ነበር'ኮ!»

«ለመኑኛ!» አለች ነርሷ፣ እንባዋ እየቀደማት። «‹ቱቦው ከወጣ ወደ ባዶ ቤት ትሰዱኛላችሁ። ሰው የማወራው አንቺ ከረጢቱን ልትደፊ ስትመጪ ነው› አሉኝ። አንጀቴ አልችል አለ።»

«እኔም መውጣቱን ዞሬ አላየሁም» አለ ሐኪሙ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

የወንድም ልጁ «ሥራ በዝቶብኝ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ያዘንሽው ለእሳቸው ነው» አለች መርማሪዋ። «መንገድ ያገኘው ግን ባክቴሪያው ነው።»

ለየበሽተኛው የየራሱ ጆግ እንዲመጣ አዝዛ ሁሉንም አሰናበተች። ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ተመለሰች፤ ወደ ሾፌሩ አልጋ ሄደች።

«ከረጢቱ ገና አልሞላም'ኮ ልጄ» አሏት።

«አውቃለሁ አባባ» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።