ዓባይነህ ያስፈረሰው ድልድይ

ዓባይነህ ሞቶ የተገኘው፣ ይፍረስ እያለ ዘመኑን ሲከራከርበት በኖረው ድልድይ ሥር ነው።

ማክሰኞ ማለዳ ነበር። ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ላይ በጀርባው ተኝቷል፤ ነጠላው ውሃ ውስጥ ገብቷል። ከዘራው ግን ድልድዩ ላይ፣ የእንጨት መደገፊያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዘራውን ያየ ሁሉ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ራሱን ጣለ ተባለ።

ድልድዩ ከአብነት ሰፈር ወደ ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያሻግራል። ጠባብ ነበር። ሁለት መኪና ሲተላለፍ እግረኛው ግንቡ ላይ ይለጠፋል፤ ብስክሌት የያዘ ወርዶ ተራ ይጠብቃል። የዓባይነህን ሚስት ሚኒባስ የገጫት እዚያ ላይ ነው። እሷን ከቀበረ በኋላ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ሲያመለክት ኖረ። ዘንድሮ ተሰማ። ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ያለው ድልድይ ሊሠራ የአሮጌው ግማሽ ፈረሰ። የቀረው ግማሽ ለመኪና ተዘግቶ የእግረኛ መተላለፊያ ሆነ። በግንባታው በኩል ቆርቆሮ ታጠረ። በወንዙ በኩል የድሮው ግንብ ስለተናደ ደረት የሚደርስ የእንጨት መደገፊያ ተመታ። መደገፊያውንም ተሟግቶ ያስመታው ዓባይነህ ነው።

ሰፈሩ ግን አላመሰገነውም። ድልድዩ ሲሰፋ ዳርና ዳር ያሉት ቤቶች ይነሣሉ። እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ብስክሌት ጠጋኙ ነስረዲን ተነሥቶ፣ ለብስክሌት መንገድ ብለው ብስክሌት ጠጋኙን አባረሩት፣ ይህን ያመጣልን ጋሽ ዓባይነህ ናቸው አለ። ሰው ሳቀ። ድልድዩ አፍ ላይ አትክልት የምትሸጠው፣ እንዳለች የምትባለው ሴት ደግሞ የሚስቱን ሞት በእኛ ጎጆ ሊበቀል ነው አለች። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ዝም በይ ያላትም አልነበረም። ዓባይነህ ከዘራውን አንሥቶ ወጣ።

ስለዚህ ማክሰኞ፣ ሐፍረት ገደለው ለማለት የተቸገረ ሰው አልነበረም።

ልጁ ናዝሬት ግን ተቸገረች። ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢም አይቀበርም። አባቷ ከእናቷ ጎን ቦታውን መርጦ የኖረ ሰው ነው። የነፍስ አባታቸው፣ ፖሊስ ሌላ ነገር ካላለ በስተቀር እጄ ታስሯል አሏት። አስከሬኑ ከምርመራ ቅዳሜ ይመጣል። ጣቢያው መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ሄዳ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ አልነሣም አለች። ዓርብ ጠዋት ኢንስፔክተር ወይንሀረግን ላኩላት።

ወይንሀረግ ስታደምጥ ሰው የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን ዓይኑ የሚያርፍበትንም ቦታ የምትከታተል ሴት ናት። ናዝሬትን ያገኘቻት ግቢያቸው ውስጥ በተወጠረ ላስቲክ ሥር ነው። ዝናብ ይጥላል፤ ላስቲኩ ያፈስሳል። ጥቂት ሐዘንተኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የሟች ዘመድ ሲመጣ ቀና አይሉም።

ናዝሬት ስለ አባቷ ጠባይ ብዙ ተናገረች። ኢንስፔክተሯ የያዘችው ግን አንዱን ብቻ ነው።

«ጉልበቱ አይታዘዝለትም» አለች ናዝሬት። «ታክሲ ሲሳፈር እንኳ እግሩን በእጁ አንሥቶ ነበር የሚያስገባው።»

«ከዘራው የት አለ?»

ከዘራው ከበሩ ኋላ ነበር። ወይንሀረግ ተቀብላ አገላበጠችው። ታጥቦ ደርቋል። ጫፉ አካባቢ ግን እንጨቱ የተሰነጠቀበት አለ፤ ስንጥቁ ውስጥ ጥቁር ጭቃ ደርቋል። በጥፍሯ ጫር አድርጋ አሸተተችው። የዚያን ወንዝ ሽታ አብነት ውስጥ የማያውቅ የለም።

ከዚያ ወደ ተክለጻድቅ ሄደች። ተክለጻድቅ የእድሩ ሊቀመንበር ነው። ከዓባይነህ ጋር አብሮ አደግ ናቸው። ቤቱ ድልድዩ አፍ ላይ በመሆኑ፣ ዓባይነህ ሲወድቅ አየሁ ያለ እሱ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ባላየሁ ይሻለኝ ነበር» አለ። «ኪዳን ላደርስ ስወጣ ነው። ከፊቴ ይሄዳል። መሀል ድልድዩ ላይ እንደ ልማዱ ቆመ። ወደ ማርያም ዞሮ ተሳለመ። ከዚያ ከዘራውን አስደግፎ፣ መደገፊያውን ተሻግሮ ወረደ።»

«አልጠሩትም?»

«ድምፅ ከዳኝ።»

ሲናገር ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። ኢንስፔክተሯ የእድሩ ድንኳን እያለ ሐዘንተኛው ለምን ላስቲክ ሥር እንደሚበሰብስ ጠየቀችው። ድንኳኑ ማዶ ነው አላት፤ ሰኞ እማማ ወለተሰንበት አርፈው እዚያ ተተክሏል፤ ሐዘኑ ገና ነው። ደግሞም ራሱን ላጠፋ ሰው ቄሶቹ ምን እንደሚሉ ሳይታወቅ አይቸኮልም።

ወደ ድልድዩ ወረደች። መሀል ላይ መተላለፊያው የግንባታውን ጉድጓድ ለመዞር እንደ ክንድ ይታጠፋል። ዓባይነህ የወደቀው ከዚህ መታጠፊያ ላይ ነው። ቆማ ቆርቆሮውን አየችው። ከቁመቷ በላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን አይታይም፣ ጉልላትም አይታይም። ነጠላ የለበሱ ሴቶች አለፏት። አንዳቸውም እዚህ አልቆሙም። ቆርቆሮው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግን ቆመው ተሳለሙ።

ከዚያ መደገፊያውን እንጨት በእንጨት ዳሰሰችው። አናጢዎቹ ሲመቱት ከወንዙ በኩል መወጣጫ ላይ ቆመው ስለነበር የምስማሩ ራስ ሁሉ ወደ ወንዙ ያያል። መታጠፊያው ላይ ያሉት ምስማሮች ብቻ ወደ መንገዱ ያያሉ። የቀድሞው ምስማር ቀዳዳ ከአጠገባቸው ባዶውን ቀርቷል።

ማዶ ተሻግራ ወደ ወለተሰንበት ቤት ገባች። ድንኳኑ ቆሟል፤ ሥሩ ግን ባዶ ነው። ወንበሩ ተደራርቧል። የቤቱ ሰዎች ሠልስቱ አልፎ ውሰዱልን ብንላቸው ዛሬ ነገ ይሉናል ብለው አማረሩ። ወይንሀረግ የድንኳኑን ብረት አየች። ጣሪያውን የሚይዘው አግዳሚ ብረት ረጅምና ወጥ ነው፤ አይነቀልም፣ አይታጠፍም።

ነስረዲንን ያገኘችው ሱቁ ደጃፍ ላይ የተበሳ ጎማ ውሃ ውስጥ እያሽከረከረ ሳለ ነው።

«ሰድበሃቸዋል ይባላል» አለችው።

«ሰድቤያለሁ።» ጎማውን ማሽከርከሩን አልተወም። «ሰኞ ይቅርታ ልላቸው ነበር። ለቅሶ መጣ፣ ድንኳን ስንሸከም መሸ። ነገ ብዬ አሳደርኩት።»

መዶሻውን እንዲያሳያት ጠየቀችው። መዶሻው የሰፈሩ ሁሉ ነው አላት፤ ሰኞ ለድንኳኑ ካስማ ወጥቶ ጋሽ ተክለጻድቅ ጋ ቀርቷል።

«ድንኳኑን ለምን ለጋሽ ዓባይነህ አላመጣችሁም? ማዶ ባዶውን ቆሟል።»

«ብረቱ አያልፍማ። መታጠፊያው ላይ መደገፊያው ይይዘዋል። መኪና ደግሞ በተክለ ሃይማኖት ዞሮ...»

እዚህ ላይ አፉ ቆመ።

«ሰኞስ እንዴት አለፈ?»

ነስረዲን ጎማውን ከውሃው አወጣው፣ መልሶ ከተተው። ኢንስፔክተሯ አልገፋችውም። ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ዓባይነህ ግቢ እንዲገኝ ነገረችው።

ሁሉም መጡ። ተክለጻድቅ፣ ነስረዲን፣ እንዳለች፣ ሰኞ ድንኳን የተሸከሙት የእድሩ ሰዎች፣ የነፍስ አባቱም። ናዝሬት ላስቲኩን የያዘውን እንጨት ተደግፋ ቆመች። ወይንሀረግ አልተቀመጠችም።

«ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ደረት የሚደርስ አጥር ተሻገረ ተባለ» አለች። «ታክሲ ላይ እግሩን በእጁ የሚያነሣ ሰው። መጀመሪያ ያላመንኩት ይህን ነው።»

ወደ ተክለጻድቅ ዞረች።

«ጋሽ ተክለጻድቅ፣ መሀል ድልድዩ ላይ ቆሞ ተሳለመ ብለውኛል። ቆርቆሮው ከታጠረ ወዲህ ከዚያ ቦታ ማርያም አትታይም። ሰዉ መሳለሚያውን ወደ ጫፉ ወስዶታል። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሰው ሳያይም ይሳለማል። ግን ያዩትን ሳይሆን ድሮ የሚያውቁትን እንደነገሩኝ ጠረጠርኩ።»

ተክለጻድቅ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ።

«ቀጥሎ ከዘራው። ላይ ተደግፎ ተገኘ። ስንጥቁ ውስጥ ግን የወንዝ ጭቃ አለ። ከዘራው ከሰውየው ጋር ወርዶ ነበር፤ ሰው ነው መልሶ ያወጣው። ውሃ ውስጥ የነበረን ከዘራ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ አጥር ላይ የሚያስደግፍ ሰው፣ ሌላው እንዲያይለት የሚፈልገው ነገር አለው።»

ከዚያ የምስማሩን ነገር አስረዳች። አናጢ ከወንዙ በኩል የመታው እንጨት ተነቅሎ፣ ድልድዩ ላይ በቆመ ሰው ከውስጥ ተመልሶ ተመትቷል። መነቀሉን አወቅሁ፣ ለምን እንደተነቀለ ግን አላወቅሁም ነበር አለች።

«ያስረዳኝ ይህ ላስቲክ ነው። እድርተኛ ሲሞት ድንኳኑ የሚጓጓዘው በሰው ትከሻ ነው። ሠልስት አልፎ ድንኳኑ ለምን ማዶ ቀረ? ለማምጣት መታጠፊያው ላይ መደገፊያውን እንደገና መንቀል ያስፈልጋል። እንደገና ከነቀላችሁ ደግሞ ሰኞ መንቀላችሁ ይታወሳል። ለዚህ ነው ናዝሬት ዝናብ ላይ የተቀመጠችው።»

ነስረዲን ተነሣ። እጁ ላይ የጎማ ማጣበቂያ ደርቆ ነበር፤ ይልጠው ጀመር።

«የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ልመልሰው ስል ጋሽ ተክለጻድቅ ተወው አሉ። ከሠልስት በኋላ ስንመለስ መልሰን ልንነቅለው ነው፣ ለምን ትደክማለህ አሉ። ተውኩት። ጠዋት ሳይ በቦታው ነው። ማታውኑ መልሰውታል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ስለዚህ ራሳቸውን ጥለው ነው አልኩ። አላህ ይየኝ፣ ደስ አለኝ።»

«እኔም ድስት ይዤ በክፍቱ በኩል አልፌያለሁ» አለች እንዳለች። «ሰው ይወድቅበታል ብያለሁ። በሆዴ ነው ያልኩት።»

ሁሉም ተሸክሞ ያለፈበት ነው።

አሁን ሰው ሁሉ ተክለጻድቅን ይጠብቅ ነበር፤ ያየው ግን አልነበረም።

«ኪዳን ላደርስ ስወጣ ነው ያየሁት» አለ በመጨረሻ። «ሲወድቅ አይደለም። ወድቆ። ክፍቱን አየሁ፣ እሱን አየሁ። እድሩ ሰው ገደለ ሊባል ነው አልኩ። ይህን ያህል ዘመን ሰው የቀበርንበት እድር። መዶሻው ቤቴ ነበር። ሰው ሳይመጣ መታሁት። እሑድ የተባባልነውን ሁሉም ያውቃል፣ ያምናሉ አልኩ።»

«ፍትሐት እንደማይደረግለት ያውቁ ነበር?» አሉት ቄሱ።

«አውቅ ነበር፣ አባ።»

ናዝሬት እንጨቱን ለቀቀች።

«ከዘራውን ከየት ነው ያነሡት?»

«ከእጁ ሥር።»

«ነፍስ ነበረው?»

ተክለጻድቅ አልነበረውም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች፤ የሱን ቃል ከእንግዲህ አትቀበልም። ወይንሀረግ፣ ሐኪሙ፣ አባቷ ጭንቅላቱን ድንጋይ ከመታው በኋላ ብዙ አልቆየም ማለቱን ነገረቻት። ከዚያ፣ ማብራሪያ ሳይጠየቅ፣ እንዴት እንደወደቀ ጨመረች። ገና አልነጋም፣ መብራት የለም። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው እጁን ወደ መደገፊያው ሰደደ።

ቄሱ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ነገ ፍትሐቱን ራሴ እመራለሁ አሉ። ናዝሬት መስቀሉን ተሳለመች፤ ከዚያ ተክለጻድቅ ፊት ሄዳ ቆመች። እሱ ሊሰግድላት ጎንበስ አለ። ክንዱን ይዛ አስቀረችው።

«በየቀብሩ የሟችን የሕይወት ታሪክ የሚያነቡት እርስዎ ነዎት» አለችው። «የአባቴንም እርስዎ ያነባሉ። አሟሟቱንም ይነግሩልኛል። በሰው ፊት።»

«ልጄ፣ ሌላ ሰው...»

«ድልድዩ ላይም ሌላ ሰው አልነበረም።»

ወይንሀረግ ያን ዕለት ወደ ጣቢያ ወሰደችው፤ ቅዳሜ ለቀብር ሰዓት ይዛው መጣች። ካቴና አላደረገችበትም። ልደታ ማርያም ግቢ ሰው ሞልቶ ነበር። አብነት እንዳለ መጥቷል፤ ቤቱ የሚፈርስበትም መጥቷል። ፍትሐቱ አለቀ። ተክለጻድቅ እንደ ወትሮው ከሬሳው ራስጌ ቆመ። የዓባይነህን የትውልድ ቦታ ተናገረ፣ ጋብቻውን ተናገረ፣ ስለ ድልድዩ የደከመውን ተናገረ። ድምፁ እስከዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ወንድሜ ዓባይነህ ራሱን አልጣለም» አለ። «መደገፊያው በቦታው አለ ብሎ፣ እኛን አምኖ፣ እጁን...»

ከዚህ አላለፈም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል አይወጣም። በሌላ ቀብር ቢሆን ሽማግሌ ተነሥቶ በቃህ ይለው ነበር፣ ክንዱን ይዞ ያስቀምጠው ነበር። የተነሣ የለም። ሁሉም የየራሱን እግር ያያል።

ናዝሬት ብቻ ቀና ብላ አየችው።

«ይቀጥሉ» አለችው።