ሹፌሩ ገባ

በማርያም ልማል፤ ካልበቃችሁ ወላሂም እላለሁ... ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነገር ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። እኔ ታፈሰ ደግሞ መጨመር የሚባል ነገር እንደማላውቅ ከአምቡሊ እስከ ሄሮን ያለ ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

ጅቡቲ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ! ጅን የሌሊት ብቻ ነው ያለው ማነው?

እዚህ አገር በዚያ ሰዓት ጫቱ ከድሬ ይገባል። ከተማው ጡሩምባውን ይነፋል፣ ይነፋል... ከዚያ ጭጭ። ውሻ እንኳን አይጮኽም።

ያን ቀን ሙቀቱ ስልሳ ዲግሪ ነበር። ቴሌቪዥኑ አርባ አራት ብሏል። ቴሌቪዥኑ እኔ የነበርኩበት ቦታ አልነበረም።

የነበርኩት አምቡሊ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የወይዘሮ ዓዚዛ መጋዘን ውስጥ ነው። ዓዚዛ የድሬ ነጋዴ ልጅ ናት፤ መድኃኒት ታከፋፍላለች። መጋዘኑ ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል አለ። የክፍሉን ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አለ። ሴንሰሩን የሚያነብ ኮምፒውተር አለ።

ተቆጣጣሪዎች መጡና "ይህ ሲስተም አርጅቷል፣ አዲስ ጫኑ" አሏት። አዲስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ተጫነ።

ሴንሰሩ ድዳ ሆነ።

ለምን? ሹፌሩ የተጻፈው ለአሮጌው ከርነል ነዋ! የኮምፒውተር ሰዎች ድራይቨር ይሉታል፤ ከርነሉንና ሴንሰሩን የሚያነጋግር ትንሽ ፕሮግራም ነው። እኔ ግን ሹፌር ነው የምለው። አማርኛ እያለልኝ በሰው ቋንቋ ምን አንከራተተኝ?

እና ማንን ይጥሩ? እኔን። ከርነል የሚጽፉት ፈረንጆች ሲጨንቃቸው በኢሜይል የሚለማመጡት ማንን ሆነና!

ዓዚዛ ከወደብ ደወለች።

"ታፈሰ፣ ኢንሱሊኑ ኮንቴነር ውስጥ ነው። የኮንቴነሩ ማቀዝቀዣ እያቃሰተ ነው።"

"ታዲያ አምጪዋ!"

"ተቆጣጣሪዎቹ መለኪያው ሲሠራ ካላየን አናስገባም አሉኝ። አሥር ሰዓት ላይ ይዣቸው እመጣለሁ። ወንድሜ... የናዒማም መርፌ አልቋል።"

ናዒማ ልጇ ናት። ስኳር አለባት። ያለዚያ መርፌ አታድርም።

"እኔ እያለሁ?" አልኳት። "ሂጂና ሻይሽን ጠጪ።"

ግቢው ውስጥ ሁለት ነፍስ ብቻ ነበርን። እኔ ከቀዝቃዛው ክፍል በር አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ። ዘበኛው ከሊፋ ደግሞ ደጅ፣ የአጥሩ ጥላ ሥር፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ።

ኮዱን ኮምፓይል አደረግሁ፤ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ለወጥኩት ማለት ነው።

ስህተት።

አሮጌው ሹፌር በስሙ የሚጠራው ፈንክሽን፣ ማለትም ትእዛዝ፣ አዲሱ ከርነል ውስጥ የለም። ማን እንዳነሳው፣ ለምን እንዳነሳው የሚነግርህ የለም። ቤትህ ገብተህ ሚስትህን ስትጠራ "እሷ እኮ ስሟን ቀይራለች" እንደመባል ነው!

አዲሱን ስም ፈልጌ አገኘሁ። ሌላ ስህተት። እሱን ነቀልኩ፤ በቦታው ሦስት በቀለ። ላቤ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። ቤተሰቤ ሰምቶት የማያውቀው ስድብ ከአፌ ይወጣል።

ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት።

"ሹፌሩ እምቢ አለ! አልገባም አለ!"

"ምን ሆነህ ነው አንተ?" አለ ከሊፋ ከደጅ።

"ሹፌሩ! እሱ ካልገባ አለቀልን!"

"አቦ ተረጋጋ! ይገባል!"

እሱ ምን አለበት፣ ጥላ ሥር ነው። ሴንሰሩን ለከርነሉ የሚያስመዘግበውን ኮድ ከሥሩ አፍርሼ እንደገና ጻፍኩት። ዓለም ላይ ይህን የሚችል ሰው ቢበዛ ሁለት ነው፤ ሁለተኛውን አላውቀውም።

ጫንኩት።

ስክሪኑ ዝም አለ። በእኛ ሙያ ዝምታ ማለት እልልታ ነው።

"ገባ! ሹፌሩ ገባ!"

"አላልኩህም?" አለ ከሊፋ።

ንባቡን ከፈትኩ።

አንደኛው ሴንሰር፣ ቀዝቃዛው ክፍል... አራት ዲግሪ። ልክ።

ሁለተኛው፣ የኮምፒውተሩ ሆድ... ሃምሳ አንድ። ልክ።

ሦስተኛው... ሠላሳ ሰባት።

ሦስተኛ ሴንሰር የለም።

ቦርዱ ላይ መሰኪያው አለ፣ ሽቦ ግን አልተሰካበትም። ክዳኑን ከፍቼ፣ አጎንብሼ አየሁ። ባዶ። እንዲህ ያለ ባዶ መሰኪያ ሲነበብ ይቀባጥራል፤ አንዴ መቶ ሃያ ይላል፣ አንዴ ከዜሮ በታች።

ይኼኛው አይቀባጥርም። ሠላሳ ሰባት። ቀጥ።

ከዚያ... ሠላሳ ስድስት።

ሠላሳ አምስት።

ፈራሁ እንዳትሉ! እኔ ፍርሃት የት እንደሚሸጥም አላውቅ። ንዴት ነው። ያን ሁሉ ታግዬ አሁን ደግሞ ይኼ? ሹፌሩን አውጥቼ መልሼ ጫንኩት።

ሠላሳ አንድ።

ያኔ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ድምፁን ቀየረ። ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል... ከፍ... ዝቅ። እንደሚተነፍስ ሰው።

ተነስቼ ቀዝቃዛውን ክፍል ከፈትኩ።

ባዶ መደርደሪያ። ነጭ መብራት። ማንም የለም።

በሩን ስመልስ ግን... ከውስጥ በኩል ብረቱ ጤዛ አዝሏል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጤዛው ተጠርጓል። መዳፍ የሚያህል ቦታ። ዝቅ ብሎ፣ መሬት የተቀመጠ ሰው እጁ የሚደርስበት ላይ።

ስልኬ ጮኸ። ዓዚዛ ናት። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ተነስተናል። አጠገቤ ናቸው። ሠራ?"

"ሠራ።"

"እውነትህን ነው?"

ሃያ ሁለት።

"አንድ ትርፍ ቁጥር አለ።" ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እኔም አንሾካሾክኩ። "ከየት እንደመጣ አላውቅም።"

"ትርፍ ነገር ካዩ ይመልሱናል!"

"ዓዚዛ... ቁጥሩ እየወረደ ነው።"

"አጥፋው፣ ታፈሰ! ልጄን አስብልኝ። አጥፋው!"

አንድ መስመር ኮድ ነው። ሦስተኛውን አታሳይ... አለቀ።

ከማጥፋቴ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። አራት ዲግሪ። ከክፍሉ ጋር እኩል።

ማራገቢያውም መተንፈሱን ተወ።

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፣ አዩ፣ አደነቁ። አንደኛው እጄን ሊስም ምንም አልቀረው። ኢንሱሊኑ ገባ። ናዒማ መርፌዋን ተወጋች፤ ያቺ ልጅ ዛሬ የምትስቀው በእኔ ነው። ሹፌሩም ይኸው እስካሁን ይሠራል፣ አንዴ እንኳን አልተንገዳገደም።

ይህን ለእናንተ ከመልቀቄ በፊት "ምስክር ሁነኝ" ብዬ ለከሊፋ አነበብኩለት። ያው ጥላው ሥር ተቀምጦ ሰማኝ። "ሁለት ነፍስ ብቻ ነበርን" የሚለው ጋ ስደርስ ማላመጡን አቆመ።

"ሹፌሩስ?" አለኝ።

"የቱ ሹፌር?"

"አንድ የካሚዮን ሹፌር ነዋ። የግቢው በር ላይ ቆሞ ውሃ እየለመነኝ ነበር። አንተ 'ሹፌሩ ካልገባ አለቀልን' ስትል... 'ግባ፣ ይፈልጉሃል' አልኩት።"

"ወደ እኔ የመጣ ሰው የለም፣ ከሊፋ።"

"በጎንህ አለፈ እኮ። ቀዝቃዛውን ክፍል ከፍቶ ገባ። አንተም 'ገባ! ገባ!' ብለህ ጮህክ።"

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

"እሺ... ሲወጣስ አየኸው?"

ከሊፋ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር አንድ አሮጌ ሸበጥ ጎትቶ አወጣ።

"አልወጣም" አለ ቀስ ብሎ። "የመጋዘኑ በር ላይ አውልቆት ነው የገባው። ይመጣል ብዬ አስቀምጬለታለሁ።"

በዚያ ሙቀት... ሸበጡ ላይ ውርጭ ነበር።