አቧራ ያልነካው ኮፈን

ሰውየው ከፒካፑ ሥር በጀርባው እንደተኛ ሞቷል። ፖሊሶቹ መኪናውን በክሪክ አንስተው ሲያወጡት ሁለት እጆቹ ላይ የጎማ ጓንት ነበር። የመኪናውን ሆድ ሊቀባበት የያዘው ብሩሽ ደረቱ ላይ ተጣብቋል። ፊቱ አልተነካም። የተኛ ነው የሚመስለው።

የጋራዡ ቀለም ቀቢ ነበር። ደንበኞች «መስታወት» ይሉታል። እሱ በቀባው መኪና ላይ ፀጉርህን ማበጠር ትችላለህ ይባላል።

የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች አምስት ሰዓት ላይ ጋራዡ በር ደረሰች። ለሬሳ ብላ አልመጣችም። ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭታ የገባች አንዲት ሰማያዊ የቤት መኪና ነበረች፤ የጥገናዋን መጨረሻ አይታ ልትፈርም ነው ቀጠሮ የያዘችው። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች አጭር ሴት ናት። ባልደረቦቿ «እትዬ ጭረት» የሚሏት ከዓይኗ የሚያመልጥ ጭረት ስለሌለ ነው። ሲዋሹ አትቆጣም፤ ዝም ትላለች። የሚፈሩትም ዝምታዋን ነው።

ሳጅኑ ያውቃታል። የውሸት ግጭት ይዛ ፍርድ ቤት ስትመሰክር ብዙ ጊዜ አይቷታል።

«እትዬ፣ ዛሬ የሚፈረም ነገር የለም» አላት። «ይኸው ሰው ሞቷል።»

«በራሱ ጥፋት ነው?»

«አይደለም። የመደገፊያው ብረት ተነቅሎ እዚያ ጋ ተጥሏል፤ ክሪኩም ተለቋል። ገዳዩን ግን በር ላይ ይዘነዋል። የባለመኪናዋ ባል ነው፤ የሰማያዊዋ። ቀቢው ለሚስቱ ይደውል ነበርና ቀንቶ ነው። ጠዋት መጥቶ 'እቀብርሃለሁ' ብሎታል። ባለ ጋራዡም ላሜራ ሠሪውም ሰምተዋል።»

«ይዛችሁታል ያልከው የት ላይ ነው?»

«ከግቢው ውጭ፣ ሌላኛው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ።»

«ሰው ገድሎ በር ላይ ይቀመጣል?»

ሳጅኑ ትከሻውን ነቀነቀ። በዚህ መሃል ሚስቲቱ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከምትሠራበት ፋርማሲ ሮጣ መጣች። ባሏን በካቴና አየችው። ወደ እሱ ልትሄድ ብላ፣ ከግጭቱ ጊዜ ጀምሮ ወደምታውቃት ገማች ዞረች።

«እትዬ፣ ባሌ ይጮሃል እንጂ ሰው አይገድልም። ሰሃን ሰብሮ ስብርባሪውን ራሱ የሚለቅም ሰው ነው።»

«ቀናተኛ ነው?»

«የሳል ሽሮፕ ስሸጥ እንኳ ለማን እንደሸጥኩ ይጠይቀኛል።»

«ታዲያ ምን አንገበገበሽ?»

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለት ልጆች አሉኝ። ዛሬ ከወሰዱት መመለሻው አይታወቅም። ለልጆቼ ምን ልበላቸው? አባታችሁ በእናታችሁ ቀንቶ ሰው ገደለ? እድሜያቸውን ሙሉ እኔን ሲያዩ ይህን ነው የሚያስቡት።»

«ቀቢው ለምን ነበር የሚደውልልሽ?»

«ለቀለሙ። የመኪናዋ ሰማያዊ በፀሐይ ደብዝዟል፤ አዲሱ ቀለም አልገጥም አለው። ናሙና ቀብቶ 'መጥተሽ እይው' ይለኛል። ሌላ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።»

ገማቿ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ ካቴናው ሰው ሄደች።

«ከጮህክበት በኋላ ምን አደረግህ?»

«ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ።»

«ለምን?»

«ትመጣ እንደሆነ ልያት ብዬ።»

«መጣች?»

«አልመጣችም።»

«ደስ አለህ?»

«ኧረ! እዚህ ካልመጣች የት ሄዳ ነው ብዬ አሰብኩ።»

ሳጅኑ ሳቁን ለመደበቅ አሳለ። ገማቿ አልሳቀችም።

ባለ ጋራዡ ቢሮው ውስጥ ላቡን ይጠርጋል። ቢሮው መኪኖቹ ከሚሠሩበት መጠለያ በአንድ ግድግዳ የተለየች ጠባብ ክፍል ናት።

«እርስዎ እንኳ ምስክሬ ነዎት» አላት። «ከእርስዎ ጋር በስልክ እያወራን አይደል ፒካፑ የወደቀው? 'ጓ' ሲል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። አራት ሰዓት ከአሥር ነበር። ለምን ወጥተው አላዩም?»

«ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲወድቅ ብርቅ ነው? በየደቂቃው ብወጣ መቼ እቀመጣለሁ? ደግሞ በኮፈኑ ጉዳይ አፋጥጠውኝ ነበር።»

እውነቱን ነው። ከግጭቱ በኋላ የሰማያዊዋ መኪና ኮፈን፣ የሞተሩ ክዳን፣ እንደ ወረቀት ተጨማዶ ነበር፤ እሷም «አይድንም፣ ይቀየር» ብላ ጽፋለች። ጋራዡ ግን አድነነዋል አለ። በስልክ ስምንት ደቂቃ የተከራከሩት በዚሁ ነው።

«ስልኩን ከማንሳትዎ በፊት ምን ይሰማ ነበር?»

«የቀለም መርጫው ሞተር። ሲያጓራ ቆየና ልክ ስልኩን ሳነሳ ጸጥ አለ።»

«አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ማለት ነው» አለች ስልኳን እያየች። «የመጨረሻው ቫርኒሽ እስኪደርቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አቧራ እንዳይዝ ለማለት ነው? ሃያ ደቂቃ። እሱ እንኳ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ ነበር። ቫርኒሽ ሲረጭ ማንም አይጠርግም፣ ማንም አይሮጥም። ብታስነጥስ ያባርርሃል።»

ላሜራ ሠሪው ከመጠለያው ጥግ ተገልብጦ በተቀመጠ በርሜል ላይ ተቀምጧል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ በቆርቆሮ ጠባሳ የተዥጎረጎረ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው።

«የት ነበርክ?»

«ቆርቆሮ ልገዛ ሄጄ ነበር። ሰውየው ጮሆ ሲወጣ እኔም ወጣሁ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። አሥር ሱቅ ዞሬ አጥቼ ስመለስ አራት ሰዓት ከአርባ ሆኗል። እግሩን አየሁ።»

«ስትወጣ ምን እየሠራ ነበር?»

«ቫርኒሹን እየበጠበጠ። ገና አልረጨም።»

«ኮፈኑንስ አንተ ነህ የቀጠቀጥከው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ዘጠኝ ቀን። እርስዎ አይድንም ብለው ነበር።»

«ብዬ ነበር። ዛሬ ነክተኸዋል?»

«ትናንት ማታ አስረከብኩት። ከዚያ ወዲህ እጄ አላረፈበትም። ከተቀባ በኋላ የእሱ ነው።»

ገማቿ አመሰገነችውና ብቻዋን መጠለያውን ትዞር ጀመር። ወለሉ የተደለደለ አፈር ነው። ፒካፑ ሲወድቅ ያነሳው አቧራ ሁሉም ነገር ላይ ተኝቷል፤ ግማሽ ሻይ ባለበት ብርጭቆ ላይ፣ በርጩማው ላይ፣ የመርጫው ሞተር ላይ። በጣቷ እየነካች አለፈች። ከፒካፑ አራት እርምጃ ርቀት ላይ ሁለት የብረት ማቆሚያዎች ባዷቸውን ቆመዋል። ኮፈን የሚቀባው እነሱ ላይ ተጋድሞ ነው። ከሥራቸው የቫርኒሽ ጠብታዎች አሉ። ተንበረከከች። ጠብታዎቹ ደርቀዋል፤ አቧራው ግን ብስኩት ላይ እንደተነሰነሰ ስኳር ውስጣቸው ገብቷል። በጥፍሯ ፋቀችው። አልለቀቀም።

«ኮፈኑ የት አለ?» አለች።

ኮፈኑ ከመጠለያው በስተኋላ ባለው ማድረቂያ ክፍል ውስጥ ነበር። በሩ ተዘግቷል። ክፍሉ ወደ ብረት መጣያው የሚያስወጣ ሌላ በርም አለው። ገማቿ በእጅ ባትሪዋ ላዩን አየችው። የባትሪው ብርሃን፣ የመነጽሯ ክብ፣ የአንገት ልብሷ ክር ሳይቀር ሰማያዊው ላይ ይታያል። አንዲት ብናኝ የለችበትም። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ የታጠፈውን የሥሩን ጠርዝ በመብራት ተከተለች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። በሌላኛው በኩልም ዞራ አየች። ሳጅኑን ጠራችው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ አየና ቀስ ብሎ ቀና አለ።

ሁሉንም መጠለያው ውስጥ ሰበሰቧቸው። ባልየው በካቴናው፣ ሚስቲቱ ከጎኑ ሁለት ክንድ ርቃ፣ ባለ ጋራዡ መሐረቡን እንደያዘ፣ ላሜራ ሠሪው ቆሞ።

«እኔ የማውቀው መኪና ነው» አለች ገማቿ። «ስለዚህ የማወራው ስለ ኮፈን ነው። መርጫው የቆመው አራት ሰዓት ከሁለት ላይ ነው። ፒካፑ የወደቀው አራት ሰዓት ከአሥር። በመካከሉ ስምንት ደቂቃ አለ። ፒካፑ ሲወድቅ ቫርኒሹ እርጥብ ነበር። ጠብታዎቹን እዩዋቸው፤ አቧራውን ጠጥተውታል። ኮፈኑ እዚህ ማቆሚያው ላይ ቢሆን ኖሮ እንደ ጠብታዎቹ ይሆን ነበር። ኮፈኑ ግን ንጹሕ ነው። ምን ማለት ነው?»

«ከመውደቁ በፊት ወደ ውስጥ ገብቷል» አለ ባለ ጋራዡ።

«ገብቷል። ማን አስገባው?»

«ራሱ ቀቢው ሊሆን ይችላላ» አለ ሳጅኑ። መልሱን ቢያውቅም ሌሎቹ እንዲሰሙት ነው።

«እሱ ቢሆን በጓንት ነበር የሚይዘው። ሲረጭም ጓንት አድርጓል፣ ሲሞትም ጓንት አድርጓል። የኮፈኑ ሥረኛ ጠርዝ ላይ ግን ቫርኒሹ ውስጥ ባዶ ጣቶች ተቀርጸዋል፤ በግራም በቀኝም። የጣቱ መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። እርጥብ ላይ ተይዞ አብሮ ደርቋል። ስለዚህ የጣቶቹ ባለቤት በእነዚያ ስምንት ደቂቃዎች ውስጥ እዚህ ነበር።»

ገማቿ በእጇ ወደ ቢሮው አመለከተች።

«ባለ ጋራዡ ስምንቱንም ደቂቃ ከእኔ ጋር ሲጨቃጨቁ ነበር። ይሄኛው ደግሞ» አለች ወደ ባልየው እያመለከተች፣ «ቀቢውን ሊገድል ቢመጣ ኮፈኑ አቧራ ይነካዋል ብሎ ይጨነቃል? እንዲያውም በድንጋይ ይመታው ነበር።»

«እመታው ነበር» አለ ባልየው ሳያስበው። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

«እኔ ሳስበው፣ ሰው ለመግደል ቆርጦ፣ መጀመሪያ ግን ኮፈኑን ከአቧራ የሚያድን ሰው አንድ ብቻ ነው። ዘጠኝ ቀን የቀጠቀጠው።» ወደ ላሜራ ሠሪው ዞረች። «ከትናንት ወዲህ እጄ አላረፈበትም ብለኸኛል። ና፣ ጣትህን እንግጠመው።»

ላሜራ ሠሪው እጆቹን አየ። ገለበጣቸው፣ መልሶ አየ።

«መግጠሙን አውቃለሁ» አለ። «አይድከሙ።»

ባለ ጋራዡ «አንተ!» ብሎ ጮኸ። «አሥራ ሁለት ዓመት አብራችሁ ሠርታችሁ! ምን አደረገህ?»

«ምንም አላደረገኝም። እሱን መስታወት ይሉታል፤ እኔን ምን ይሉኛል? ብረቱን እኔ አቀናለሁ፤ እሱ ከላዩ ይረጭበታል፤ ከዚያ የእኔ ሥራ የለም። ጥሩ ከሠራሁ አይታይም። ከታየ ደግሞ መጥፎ ሠርቻለሁ ማለት ነው።» ወደ ሚስቲቱ ዞረ። «ትናንት መጥተሽ ኮፈኑን ዳሰስሽ። 'እጅህ ይባረክ፣ እንዴት አድርገህ አዳንከው?' አልሽው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ መዶሻ ይዤ። 'ወንድሜ፣ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ፣ ብርሃን ጋረድክብኝ' አልሽኝ።»

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«እርስዎም» አላት ገማቿን፣ «ባለፈው መኪና ላይ 'ቀለሙ ግሩም ነው' ብለው ጻፉ። ስለ ብረቱ አንድ መስመር የለም።»

«የለም» አለች ገማቿ። «እውነትህን ነው። ዛሬስ ከፒካፑ ሥር እንዴት አስገባኸው?»

«ሰውየው ጮሆ ሲሄድ ነው የመጣልኝ። በእሱ ይሳበባል ብዬ ወጣሁ፤ በኋላ በር ተመለስኩ። ረጭቶ ሲጨርስ 'ኮፈኑን እኔ ላስገባልህ፤ አንተ እስኪደርቅ የፒካፑን ሆድ ጨርስ' አልኩት። 'አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር' አለኝና ከሥሩ ገባ።»

«እንደዚያ ብሎህ?» አለ ሳጅኑ።

«ብሎኛል። ሰምቼዋለሁ» አለ ላሜራ ሠሪው። «ሌላ ሰው ግን አልሰማውም።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከባልየው ፈትቶ ለላሜራ ሠሪው አሰረው። ባልየው አንጓውን እያሻሸ ቆመ። ሚስቱ ወደ እሱ ቀረብ አለች፤ ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል። ክንዱን ልትይዘው እጇን ዘረጋች።

«ግን» አላት ባልየው፣ ቀስ ብሎ፣ «በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ ደውሎልሻል። ለቀለም አሥራ አንድ ጊዜ ይደወላል?»

የሴትዮዋ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ላሜራ ሠሪውን እየወሰዱት ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ዞረ።

«ተው ወንድሜ» አለው። «እኔም የጀመርኩት በመቁጠር ነው። እሱን ሰባ ሦስት ሰው አመስግኖታል። እኔን ሁለት፤ አንደኛው ደግሞ ተሳስቶ ነው።»

ገፋ አድርገው አስወጡት።

ሚስቲቱ ከጋዋኗ ኪስ ስልኳን አወጣች። የባሏን መዳፍ ከፍታ ስልኩን አስቀመጠችበት።

«እንካ፣ ቁጠር» አለችው። በግቢው በር ወጥታ ወደ ፋርማሲው በእግሯ ሄደች።

ባልየው ስልኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አልከፈተውም። ተከትሏት ሄዶ ሊመልስላትም ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።