የወዲያኛው ጫፍ አድራሻ

እኔ፣ እመኑኝ፣ ጂን ቅብጥርሴ ሲወራ ሻዬን ትቼ የምነሣ ሰው ነኝ፣ ሙያዬ ኮምፒውተር ነውና መነሻው የማይታወቅ ነገር አልወድም፣ ግን ይቺን ለማን ላስረዳት? ባሕር ዳር ከዘሃራ ጋር አንድ ቢሮ ነው የምንሠራ፣ የጣና ጀልባዎች ላይ ያሉበትን ቦታ የምትልክ ትንሽ መሣሪያ እንገጥማለን፣ እያንዳንዷ የራሷ አድራሻ አላት፣ በየደቂቃውም «አለሁ» የምትል ቃል ወደ ኮምፒውተራችን ትልካለች። ቃሏን የመረጠችው ዘሃራ ናት፣ እንደሷ ያለ ጭንቅላት በበኩሌ አላየሁም።

አንድ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ፣ የዘሃራ አባት ጋሽ ኑሩ ደግሞ አሥራ አንድ ሰው ጭነው ከደልጊ ወደብ ከወጡ ቆይተዋል፣ ስልካቸው አይጠራም። የሳቸው መሣሪያ፣ አድራሻዋ መጨረሻው አሥራ ሰባት የሆነው፣ ተበላሽታ ጠረጴዛችን ላይ ተፈታ ተቀምጣለች፣ ባትሪዋ እንኳ መሳቢያ ውስጥ ነው። ዘሃራ «ያረቢ፣ አባባን!» እያለች ደጋግማ ትደውላለች።

ድንገት ስክሪኑ ላይ «አለሁ» መጣ። የሌላ ጀልባ ይሆናል ብዬ የላኪውን አድራሻ ኮምፒውተሩን ጽፌ ጠየቅሁ፣ የራሳችን ኮምፒውተር አድራሻ ወጣ፣ ክው አልሁ!

«አንተ ደንባራ፣ የጠየቅኸው የመስመሩን የኛን ጫፍ ነው፣ የላኪውን፣ የወዲያኛውን ጠይቅ!» አለችኝ፣ አባቷ ውኃ ላይ ሆነው እንኳ ስሕተቴ አላመለጣትም፣ እንዴት አላደንቃት! አስተካክዬ ጠየቅሁ፣ አሥራ ሰባት አለ። ሁለታችንም ጠረጴዛውን አየን፣ መሣሪያዋ እንደተፈታች ናት።

ደግሜ ጻፍሁ፣ ደግሜ ጠየቅሁ፣ «ማነህ? ማነህ?» እንደማለት ነው እኮ፣ በጠየቅሁ ቁጥር «አለሁ» ይመጣል፣ በመጨረሻ ከደቅ ደሴት በስተምዕራብ አንድ ቦታ ላከና መስመሩ ተቋረጠ። ዘሃራ እንባዋን ሳትጠርግ ስልክ አንሥታ ቦታውን ወደብ ላሉት ጀልበኞች ነገረች።

እዚያው ቦታ አገኟቸው። ሞተሩ ጠፍቶባቸው፣ እኚህ ሽማግሌ በመቅዘፊያ ብቻ ጀልባዋን ከማዕበሉ ጋር ፊት ለፊት አቁመው ይዘዋል፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይጎዳ! ጀግና ማለት እሳቸው ናቸው።

ሲገቡ ወደቡ ላይ ቆመን ነበር። እኔ ጋሽ ኑሩን በአካልም በስልክም አግኝቻቸው አላውቅም፣ ዘሃራ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ጠጋ ብዬ «እንኳን በሰላም ገቡ አባባ» አልኋቸው።

ደንግጠው ዞሩ።

«አንተ ነህ እንዴ ልጄ!» አሉኝ ትኩር ብለው፣ «ምነው እንዲህ ታደርቀኛለህ፣ አንዴ አለሁ ካልሁህ አይበቃም? በዚያ ሁሉ ነፋስ ማነህ ማነህ ስትለኝ ዋልህ እኮ!»

እኔ የጠየቅሁት በጣቴ ነው፣ አፌን አልከፈትሁም፣ ዘሃራን ጠይቋት።