ደም ላይ የተጠቀለለ ናስትሮ

አሠልጣኙ በባትሪ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ቀኝ እጁ ከጣሪያው ሶላር የሚወርደውን ሽቦ እንደጨበጠ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተከፍቷል። ደሙ እስከ በሩ ወርዶ ረግቷል።

ግቢው የገጠር መምህራን ለየትምህርት ቤታቸው ሶላር መትከልና መጠገን የሚማሩበት ማሠልጠኛ ነው። ሥልጠናው ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል። አሥራ ሁለቱ ሠልጣኞች ቁርሳቸውን ሳይቀምሱ ዛፍ ሥር ተኮልኩለዋል።

"ኤሌክትሪክ ይዞት ነው" አለ ባልደረቦቹ ቦክሰኛው የሚሉት ፖሊስ። "ሲወድቅ ጭንቅላቱን ተመታ።"

መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። "ሦስት ጊዜ ነው እንዴ የወደቀው?"

ቅሉ ሦስት ቦታ ተሰብሯል። እጇን ከመደርደሪያው ሥር ሰደደችና ደም የለበሰ ትልቅ መፍቻ አወጣች።

ቦክሰኛው ጊዜ አላባከነም። "እንግዲያው ጥበቃው ነው። የክፍሉ ቁልፍ እሱ ጋ ነው የሚያድረው። ትናንት ደግሞ ሟች ተኝተህ አገኘሁህ ብሎ ሰው ፊት በጥፊ አጩሎታል።"

መልሷን ሳይጠብቅ ወጣ።

እሷ ባትሪውን አየች። ከባትሪው የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ግድግዳው ላይ ካለው መቆጣጠሪያ ተነቅለዋል። ጫፋቸው ግን እንደ ቆሰለ ጣት በጥቁር ናስትሮ ለየብቻ ተጠቅልሏል። የናስትሮው መጨረሻም ወደ ውስጥ ታጥፏል። አንዱን ቀስ ብላ ላጠችው። ሽቦው ላይ፣ ከናስትሮው ሥር፣ ደም ነበር።

ደሙ ቀድሟል። ናስትሮው ተከትሏል። ገዳዩ ሰው ገድሎ ሲያበቃ ቁጭ ብሎ ሽቦ ጠቅልሏል።

ያኔ ነው ጩኸቱ የተሰማት።

የዕቃ ግምጃ ቤቱን በር በእርግጫ ከፈተችው። ጥበቃው፣ ስልሳ ዓመት የተሻገሩ ሽማግሌ፣ በካቴና ከመስኮቱ ብረት ጋር ታስረዋል። ከንፈራቸው ተሰንጥቋል። የፊት ጥርሳቸው ወለሉ ላይ ወድቋል። ቦክሰኛው ቀበቶውን እጁ ላይ ጠምጥሞ ያለከልካል።

"ሊያምን ነው፣ ኢንስፔክተር። ትንሽ ብቻ።"

"እጅህን ሰብስብ!"

"አዛዡ ከቀትር በፊት ተጠርጣሪ ይዛችሁ ኑ ብለዋል። ይዘናል። ሌላ ካለዎት ያምጡ፤ ከሌለዎት ይዤው እሄዳለሁ።"

ጣቢያ በእግሩ ገብቶ ያልሠራውን ፈርሞ የወጣ ሰው ታውቃለች፤ አንድ ሁለት አይደለም። ሩቅ ሄዳ የቀሰመችው የምርመራ ትምህርት እዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚረባ ተጠራጠረች። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት።

"ልጄ፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ፣ እኔ አልነካሁትም።"

"በር ላይ ቁም" አለችው ቦክሰኛውን። "ከእንግዲህ ብትነካቸው አንተንም አስሬህ ነው የምሄደው።"

መማሪያ ክፍል ገብታ ጠረጴዛው ላይ አንድ ባትሪ አስቀመጠች። ከባትሪው የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ራቁታቸውን በጣት ርቀት አጠጋግታ ዘረጋቻቸው። አጠገባቸው አንድ ጥቅል ናስትሮ አኖረች። ከዚያ ሠልጣኞቹን አንድ በአንድ አስጠራች።

መጀመሪያ የሒሳብ መምህሯ ገባች።

"ከሟች ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።"

"ከመቶ ሠላሳ ሰጠኛ! ሒሳብ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቶ፣ ማካፈል አትችይም ይበለኝ? ይድፋህ አልኩት።" አፏን በእጇ ያዘች። "ወይኔ ጉዴ! እውነትም ተደፋ።"

ቦርሳዋን ከሽቦዎቹ ላይ ልታስቀምጥ ስትል መርማሪዋ እጇን ያዘቻት። አሰናበተቻት።

ሌሎቹም ተከታተሉ። አንዱ "ኧረ ሽቦው!" ብሎ ወንበሩን አራቀ። አንዱ ጭራሽ አላየውም። የነካው አልነበረም።

ስምንተኛው ባልደረቦቹ ሹክሹክታ የሚሉት የሳይንስ መምህር ነው።

"ጎህ ሲቀድ የት ነበሩ?"

"መኝታዬ።" ዓይኑ ሽቦዎቹ ላይ ነው።

"ማን አይቶዎታል?"

"ማንም።" ግንባሩ ላብ አወጣ። "ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ፣ ይሄ እንዲህ አይቀመጥም።"

ተነሣ። ናስትሮውን አነሣና አንዱን ጫፍ ጠቀለለ፣ ቀጥሎ ሌላውን። መጨረሻውን ወደ ውስጥ አጠፈ። ያኔ ገና ተነፈሰ።

"ለምን አጠፉት?"

"ኋላ ለሚፈታው ሰው እንዲመቸው።"

መርማሪዋ ደም የነካውን ናስትሮ ከፊቱ አስቀመጠች። እጥፋቱ አንድ ነው።

"ሰው ገድሎ ይሮጣል እንጂ ሽቦ ይጠቀልላል?"

ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ መለሰ። "ሲወድቅ ሽቦዎቹን ይዞ ወደቀ። ቢነካኩ ይቀጣጠላል። ከግድግዳው ወዲያ ጓደኞቼ ተኝተዋል። ኤሌክትሪክ የገደለው እንዲመስል የጣሪያውን ሽቦ ኋላ ያስያዝኩትም እኔ ነኝ።"

"ምን አደረገዎት?"

"ልጄን አቃጠለ።"

ከሁለት ዓመት በፊት ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ሶላሩን የተከለው ሟቹ ነበር። አንድ ቀን ባትሪው ተቀጣጠለ። የመምህሩ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበረች። ሟቹ መጥቶ አየና ጥፋቱ የክፍሉን ቁልፍ የያዘው መምህር ነው ብሎ ጻፈ። ቁልፉን የያዘው አባቷ ነው።

"ሚስቴም አመነችው፣ ጥላኝ ሄደች። እኔም አመንኩት። እንዲህ ያለ እሳት ሁለተኛ እንዳይነሣ ልማር ብዬ ነው የመጣሁት። ትናንት ሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳየን፤ ከባትሪው ቀጥሎ፣ ሽቦ ሲነካካ ኃይሉን የሚቆርጠው ፊውዝ ካልገባ ክፍሉ ውስጥ እሳት አስቀመጣችሁ አለን። የኛን የባትሪ ሣጥን በየሳምንቱ እጠርገው ነበር። ፊውዝ አልነበረውም።"

"ጠየቁት?"

"ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ ክፍሉን አስከፍቶ ሲሠራ አገኘሁት። ያን ጊዜ አልቆብን ነበር አለኝ። እስከዛሬ ካላወቅህ አሁን ምን አስጨነቀህ አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ።" እጁን አየ። "የመጀመሪያውን ምት አላስታውሰውም። ሁለቱን ግን አስቤባቸው ነው።"

መርማሪዋ ቦክሰኛውን ጠርታ ሽማግሌውን አስመጣች። ካቴናው ተፈታ። ጥበቃው መምህሩ ፊት ቆሙ፤ ከአፋቸው ደም ይንጠባጠባል።

"እዚያ ስደበደብ ትሰማ ነበር?"

"እሰማ ነበር፣ አባባ።"

"እና? ስንተኛው ምት ላይ ልትናገር ነበር?"

"አላውቅም። እየቆጠርኩ ነበር።"

"ስንት ደረስክ?"

"ሃያ ሰባት።"

መርማሪዋ ቁጥሩን ከመምህሩ ቃል ሥር ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ ቦክሰኛውን አየችው።

"ቀበቶህን ፈትተህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ" አለችው። "ሽጉጥህንም። ቀጥሎ ቃልህን የምትሰጠው አንተ ነህ።"