የስንቅነሽ አልጋ እንጨት

በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ እዋሻለሁ? በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ልጅ ያላችሁ ስሙኝ።

2007 ዓ.ም.፣ ሪያድ፣ ሱለይማኒያ፣ ልጄ ምናሴ ቤት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ።

በዚያራ ቪዛ ልጠይቃቸው ስመጣ፣ የምራቴ የሠላም እናት አልጋ ላይ ሊያስተኙኝ ነበር። ስንቅነሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ እዚያው አልጋ ላይ ነው ያረፈችው።

«አልተኛም!» አልኩ።

ፈርቼ አይደለም... ቀንቼ ነው። የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሙና እኔን «አያቴ» ስትል፣ እሷን ሞታም «እምዬ» ነበር የምትላት።

የሟች አልጋ ለነዳይ ይሰጣል። እኔ ግን ቸኮልኩ።

«ፍለጠው!»

«እማዬ፣ ጠንካራ እንጨት እኮ ነው፤ ያሳዝናል!»

«እንግዲያ የፈለግከውን ሥራው፣ አልጋ ብቻ አይሁን!»

ምናሴ ከግድግዳው ጋር በማጠፊያ አያይዞ የሥራ ጠረጴዛ ሠራው። ሲሠራበት ቀና አድርጎ ይደግፈዋል፤ ሲጨርስ ወደ ታች አጥፎ ይቀረቅረዋል። ለእኔ አጠገቡ ፍራሽ ተነጠፈልኝ።

በማግስቱ ምናሴም ሠላምም ሥራ ናቸው። የቀረቀርኩት ጠረጴዛ ተከፍቶ አገኘሁት።

ሙና ከሥሩ ተቀምጣለች።

ጠጉሯ ተሠርቷል... ቀጭን፣ ወደ ግራ የተጠማዘዘ ሹሩባ። ልክ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶ እንዳለችው ስንቅነሽ።

«ማን ሠራሽ?»

«እምዬ።»

«እናትሽ?»

«አይ... እምዬ። አንቺ ስትሠሪኝ ያመኛል።»

ቅናቱ አንገበገበኝ። ልጅቷ እያለቀሰች ሹሩባዋን ፈታሁት። ጠረጴዛውን አጥፌ ቀረቀርኩት። አፌን ወደ እንጨቱ አስጠጋሁ።

«ስሚ ስንቅነሽ... ኸላስ፣ በቃ! አሁን አያቷ እኔ ነኝ። ልጅቷን ተዪ።»



ከዚያ ከእንጨቱ ጀርባ... የሚዶ ድምፅ።

ክርር... ክርር...

ሙናን እቅፌ ውስጥ ሸጉጬ ፍራሹ ላይ ጋደም አልኩ። አልለቃትም ብዬ። እንቅልፍ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም።

ስነቃ ሙና ቁልቁል እያየችኝ ትስቃለች።

«አያቴ... አማረብሽ» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

ልነሳ ስል ጭንቅላቴ ወደ ኋላ ተጎተተ።

ሻሼ እንዳሰርኩት ነው። እጄን ከሥሩ ሰደድኩ...

ሽበቴ በሙሉ ተሠርቷል። ቀጭን። ወደ ግራ የተጠማዘዘ።

ረጅሙ ጉንጉን ከታጠፈው እንጨት ጀርባ ገብቷል። መቀርቀሪያው እንደተዘጋ ነው።

ጫፉ ግን... ገና እየተጎነጎነ ነበር።